ደመና ያልከለከለው ቆጠራ

መስከረም 1 ቀን በሸካዋ ጌጫ የሚነጋው በጭጋግ ነው። ከቴፒ የቡና ማሳዎች ተነስቶ ወደ ማሻ የሚወጣው መንገድ ከፍ እያለ ሲሄድ ቡናው ለእንሰት ቦታ ይለቃል፤ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ደመናውም ወርዶ ከዛፎቹ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ሸካ በኢትዮጵያ ዝናብ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። እዚህ አገር ጨረቃን ጠብቄ ቀን ልቁጠር የሚል ሰው ብዙውን ሌሊት ደመና እያየ ያድራል።

በዚያው ማለዳ ግን፣ ዝናቡ የቤተ ክርስቲያኑን ቆርቆሮ እየደበደበው፣ መሪጌታው ቆመው የዓመቱን የጨረቃ ሂሳብ ለምእመናኑ ይናገራሉ። ዘመኑ የየትኛው ወንጌላዊ እንደሆነ፣ አበቅቴው ስንት፣ መጥቅዑ ስንት እንደሆነ፣ ነነዌ መቼ እንደምትገባ፣ ትንሣኤ በስንት እንደሚውል ያውጃሉ። ነጠላዋን የተከናነበች እናት የዐቢይ ጾምን መግቢያ በልቧ ትይዛለች። ልጁን ሊድር ያሰበ አባት በጣቱ አንጓ ሳምንት ይቆጥራል። ቀና ብሎ ሰማዩን ያየ አንድም ሰው የለም፤ ማየትም አላስፈለገም።

ይህ ቆጠራ ጌጫ እስኪደርስ ብዙ አገርና ብዙ ዘመን አቋርጧል። በመንገዱ ሁሉ አንድ ጥያቄ ተከትሎታል፦ ቀን የሚቆጠረው ለምንድን ነው? እያንዳንዱ ሰው የራሱን መልካም ቀን እንዲያገኝ ነው? ወይስ ሁሉም ሰው በአንድ ቀን እንዲገናኝ?

ቆጠራው የተወለደው ደመና እምብዛም በማይታይበት በታችኛው የዓባይ ሸለቆ ነው። የጥንት ግብፃውያን ዓመቱን እያንዳንዳቸው 30 ቀን ላላቸው 12 ወራት ከፈሉት፤ በመጨረሻም 5 ቀን ጨመሩበት። የእኛ ጳጉሜን የእነዚያ የ5 ቀናት ወራሽ ናት። ወንዙ የሚሞላበትን ወቅት፣ ዛሬ ሲሪየስ የምትባለው ደማቅ ኮከብ ጎህ ሲቀድ ከምትወጣበት ጊዜ ጋር አያይዘው ይጠብቁ ነበር። ያ የሚጠብቁት ውኃ በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ተራሮች የወረደ የክረምት ጎርፍ ነው። 365 ቀን ከፀሐይ ዓመት በሩብ ቀን ገደማ ስለሚያንስ ግን በዓሉ ከወቅቱ እየራቀ ሄደ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 25 ዓመት ገደማ፣ ሮማዊው አውግስጦስ ግብፅን ከያዘ በኋላ፣ በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን እንዲጨመር ተደረገ። ዛሬ ዘመነ ሉቃስ ሲያበቃ ጳጉሜን 6 የምትሆነው በዚሁ ሥርዓት ነው።

ከውቅያኖሱ ማዶም ህንዶች በራሳቸው መንገድ ይቆጥሩ ነበር። «ቬዳንጋ ጂዮቲሻ» የተባለው ጥንታዊ ድርሳናቸው የተዘጋጀው የመሥዋዕት ጊዜ እንዳይሳሳት ነው። ከዚህ ሥር እየዳበረ የመጣው የሂንዱ የቀን መቁጠሪያ ፓንቻንግ ይባላል፤ ባለ አምስት ብልት ማለት ነው። አንድ ቀን በአምስት ነገር ይታወቃል፦ በሳምንቱ ዕለት፣ ቲቲ በሚባለው የጨረቃ ቀን፣ ናክሻትራ በሚባለው ጨረቃ በምታድርበት የከዋክብት ማረፊያ፣ እንዲሁም ዮጋና ካራና በተባሉ ሁለት ስሌቶች። የጨረቃ ወር 30 ቲቲ አለው። አንዱ ቲቲ 19 ሰዓት ያህል ሊያጥር ወይም 26 ሰዓት ያህል ሊረዝም ስለሚችል፣ ፓንቻንጉ የሚሰላው ለየአገሩ የፀሐይ መውጫ ነው። ናክሻትራዎቹ 27 ናቸው፤ ጨረቃ በከዋክብቱ መካከል አንድ ጊዜ ዞራ ለመመለስ 27 ቀን ከሩብ ገደማ ይፈጅባታልና።

ሰርግ፣ የቤት መሠረት፣ የጉዞ መነሻ፣ ሁሉም በዚህ ተመዝኖ ሙሁርታ የሚባለው መልካም ሰዓት ይመረጥለታል። ቻቱርማስ በሚባሉት አራት የዝናብ ወራት ብዙ ሂንዱዎች ሰርግ አይደግሱም። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር፣ በየሁለት ዓመት ከስምንት ወሩ ገደማ አንድ ትርፍ ወር ያስገባሉ። ያቺን 11 ቀን አንባቢ ይያዛት፤ ወደ እኛም ትመጣለች።

ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ2ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ በእስክንድርያ መንበር 12ኛው ሊቀ ጳጳስ ድሜጥሮስ ተቀመጠ። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ድሜጥሮስ ወይን የሚያለማ ገበሬ ነበር፤ ሊቅነትን በትምህርት ያገኘ ሰው አልነበረም። አንድ ምኞት ግን ነበረው፦ ነነዌና ዐቢይ ጾም ከሰኞ፣ ሆሳዕናና ትንሣኤ ከእሑድ፣ ስቅለት ከዓርብ፣ ዕርገት ከሐሙስ እንዳይወጡ። መልአክ ተገልጦ ሱባኤ እንዲይዝ ነገረው ይላል ትውፊቱ፤ በሌሊት 23፣ በቀን 7። 23 በ7 ሲባዛ 161 ይሆናል፤ በ30 እየተገደፈ 11 ይተርፋል፤ ይህ ጥንተ አበቅቴ ነው። 7 በ7 ሲባዛ 49 ይሆናል፤ 30 ሲገደፍ 19 ይተርፋል፤ ይህ ጥንተ መጥቅዕ ነው። 11 እና 19 ሲደመሩ 30፣ አንድ ሙሉ ወር። ባሕረ ሐሳብ የተባለው ስሌት በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ላይ ቆመ። አበቅቴው ያቺው 11 ናት፤ ጨረቃ በየዓመቱ ከፀሐይ ወደ ኋላ የምትቀርበት ዕዳ።

እ.ኤ.አ. በ325 ኒቅያ ላይ የተሰበሰቡት አባቶች ክርስቲያኖች ሁሉ ትንሣኤን በአንድ ቀን እንዲያከብሩ ወሰኑ። በ5ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አንያኖስ የተባለ ግብፃዊ መነኩሴ ከዓለም ፍጥረት እስከ ሥጋዌ ያለውን ዘመን 5500 ዓመት አድርጎ አሰላው። እኛ ከአውሮፓውያን በ7 ወይም በ8 ዓመት የምንለየው ይህን የእስክንድርያ ስሌት ስለጠበቅን ነው።

ክርስትና በ4ኛው ምዕተ ዓመት በፍሬምናጦስ አክሱም ሲገባ ለቆጠራውም መንገድ ተከፈተ። አክሱም ያን ጊዜ በሁለት አቅጣጫ የምታይ አገር ነበረች፤ በዓባይ በኩል ወደ እስክንድርያ፣ በአዱሊስ በኩል ወደ ህንድ። በደብረ ዳሞ ከ100 በላይ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል፤ ኩሻኖች ሰሜን ህንድን የገዙ ናቸው። ወርቁና ቅመሙ በየወቅቱ በሚነፍሰው ነፋስ ከህንድ መጣ፤ የዘመኑ ቆጠራ ግን ከእስክንድርያ ሆነ።

በ15ኛው ምዕተ ዓመት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የአገሩን ቀን በጥብቅ ሥርዓት አስያዙት። በ1442 ዓ.ም. ገደማ በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ቅዳሜ ከእሑድ ጋር እንዲከበር ተወሰነ። 33ቱ የእመቤታችን በዓላትም በዘመናቸው ተደነገጉ። በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፤ ወሩ በስም ተሞላ። ዛሬ አንዲት እናት «ለሚካኤል እመጣለሁ» ብትል ቀጠሮ የያዘችው በዚህ ሥርዓት ነው። እኒሁ ንጉሥ በጠንቋዮችና በሟርተኞች ላይ የበረቱ ነበሩ። ቀኑ ለማኅበር ሁሉ የተሰጠ እንጂ ለአንድ ሰው ዕድል የሚመዘን እንዲሆን አልፈለጉም።

በ16ኛው ምዕተ ዓመት የግብፁ ሊቅ የአቡ ሻክር መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመለሰ። በ13ኛው ምዕተ ዓመት የተጻፈ የዘመንና የከዋክብት ድርሳን ነው። በእንዲህ ያሉ መጻሕፍት የተማሩት ሊቃውንት ዕለቱን በ60 ኬክሮስ ይከፍሉታል፤ አንዱ ኬክሮስ 24 ደቂቃ ነው። ዓመቱን 365 ዕለት ከ15 ኬክሮስ ይሉታል። ህንዶችም ዕለታቸውን በ60 ጋቲ ይከፍላሉ፤ አንዱ ጋቲ ያው 24 ደቂቃ ነው። የባቢሎን ጠቢባን ያስለመዱት በ60 መቁጠር ከቫራናሲ እስከ ጎጃም ጉባኤ ቤት ድረስ አንድ መስፈሪያ ሆነ።

ከቅዱሱ ስሌት ጎን ለጎን ሌላም መንገድ ነበር። «ዓውደ ነገሥት» የተባለው መጽሐፍ የሰውን ስም ከእናቱ ስም ጋር በፊደል ቁጥር ደምሮ፣ በ12 እየገደፈ ኮከቡን ያወጣል። ከዋክብቱ ሐመል፣ ሰውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን እየተባሉ እስከ ሑት ይዘልቃሉ፤ ስማቸው ከዐረብኛ የመጣ ነው። «ኮከባቸው ገጠመ»፣ «ኮከባችን አልገጠመም»፣ «የቀን ጎዶሎ» የምንለው ከዚህ ጋር በሚዛመድ እምነት ነው። በህንድ የሙሽሮች ኮከብ ተነጻጽሮ ጋብቻ እንደሚወሰን፣ በእኛም አገር ደብተራ ዘንድ ሄዶ ኮከብ ያስቆጠረ ወላጅ ብዙ ነው። ቤተ ክርስቲያን ይህን አትቀበለውም። የሰው ልብ ግን ነገን አስቀድሞ ማወቅ ይመኛል፤ ጭንቀቱንም መናቅ አይገባም።

የቀን ቆጠራ ምን ያህል የአገር ጉዳይ እንደሆነ በ17ኛው ምዕተ ዓመት ታየ። አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ1582 በጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ ትእዛዝ 10 ቀን ዘልላ አዲስ ካላንደር ይዛ ነበር። አፄ ሱስንዮስ በ1618 ዓ.ም. ለሮም መታዘዛቸውን ሲያውጁ፣ ከሮም የተላኩት ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ በዓላትና አጽዋማት በሮም ስሌት እንዲሆኑ አዘዙ። ገበሬው አባቱ ባልጾመበት ቀን ጹም፣ አባቱ ባላከበረበት ቀን አክብር ተባለ። በሌሎቹም ለውጦች የተቆጣው ሕዝብ ዐመፀ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1624 ዓ.ም. ሱስንዮስ የቀደመውን ሃይማኖት መለሱ፤ ዙፋኑንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ። ባሕረ ሐሳብም ወደ ቦታው ተመለሰ።

በዚህ ሁሉ ዘመን የደቡብ ምዕራቡ ጫካ የራሱን ጊዜ ይቆጥር ነበር። ካፋና ሸካ ታቶ በሚባሉ ነገሥታት የሚተዳደሩ መንግሥታት ነበሩ፤ ቋንቋዎቻቸውም እህትማማች ናቸው። ካፋዎች ዘመን መለወጫቸውን ማሽቃሬ ባሮ ይሉታል፤ በዓሉ በመስከረም ይውላል። ማሽቃሬ የሚለው ቃል ከመስቀል ጋር መቀራረቡን ጆሮ ያስተውለዋል፤ በ16ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ፣ በአፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን፣ ክርስትና እስከ ካፋ ደርሶ ነበርና። በጫካው ውስጥ ደግሞ ቀኑን የሚናገረው ዛፉ ነው። ከፍ ካለ ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅል የሸካ ሰው ገተም የተባለው ዛፍ ሲያብብ ነጩ ማር መቅረቡን ያውቃል። እንሰትም በአንድ ወር ታጭዶ የሚያልቅ ሰብል ስላልሆነ ቤተሰቡ ሲያስፈልገው ይፍቀዋል። ደመና ለሸፈነው አገር የተስማማ ቆጠራ ነበር፤ ሰማዩን ትቶ መሬቱን የሚያነብ።

በ1890 ዓ.ም. ገደማ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የካፋና የሸካ መንግሥታት በጦር ተያዙ። መያዙ ለአካባቢው ሕዝብ ከባድ ነበር፤ ብዙ ሰው ሞተ፣ ብዙ ሰው ከአገሩ ተነቀለ። ከጦሩ ጋር ካህናትና ታቦት መጡ፤ ከእነርሱ ጋርም የወሩ በዓላት፣ ጾሙና ፋሲካው። ባሕረ ሐሳብ በዚህ አገር ሲገባ በድል አድራጊ ጎን ሆኖ መግባቱን መሸፈን አይገባም። ከመቶ ዓመት በላይ አብሮ ከኖረ በኋላ ግን ማኅበር የሚጠጡት፣ ዝክር የሚዘክሩት፣ ልጃቸውን በጥምቀት ማግስት የሚድሩት የአገሩ ተወላጆች ራሳቸው ናቸው።

20ኛው ምዕተ ዓመት ሲጋመስ የቀን ጉዳይ በህንድም መንግሥትን አነጋገረ። ነጻ የወጣችው አገር በየክፍለ ሀገሩ 30 ያህል የተለያዩ ካላንደሮች እንዳሏት አየች። የፊዚክስ ሊቁ ሜግናድ ሳሃ በመራው ኮሚቴ ጥናት መሠረት መጋቢት 13 ቀን 1949 ዓ.ም. አንድ ብሔራዊ ካላንደር ሥራ ላይ ዋለ። ለጽሕፈት ቤት ሥራ ጠቀመ፤ ለሰርግና ለጾም ግን ሕዝቡ ከፓንቻንጉ አልተለየም። የጋራ ቀን በአዋጅ ብቻ እንደማይጸና ከሱስንዮስ በኋላ ሌላ ምስክር ተገኘ።

በቀጣዮቹ ዓመታት ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ አዞሩ። አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት «ገዳ» የተሰኘ መጽሐፍ አያንቱ የሚባሉት የቦረና ቀን ቆጣሪዎች በ12 የጨረቃ ወራት፣ ከዋክብትን ከጨረቃ ጋር እያስተያዩ እንዴት እንደሚቆጥሩ ገለጹ። ቦረናዎች 27 የቀን ስሞች አሏቸው፤ እያንዳንዱም ቀን የራሱ ጠባይ አለው። ይህ ቁጥር ከህንዶቹ 27 ናክሻትራዎች ጋር መግጠሙ ያስደንቃል። ሁለቱም ሕዝቦች ያዩት ያችኑ ጨረቃ ነው፤ የቦረናም ሰማይ እንደ ሸካ አይጨልምም።

ዴቪድ ተርተንና ክላይቭ ረግልስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ ሙርሲ የጻፉት ጥናት ከሁሉ ይበልጥ ልብ ይነካል። ሙርሲዎች የኦሞን ውኃ መሙላት ኢማይ ከሚሏት ኮከብ መጥለቅ ጋር ያስተያዩታል። ወራቸውን በርጉ እያሉ በቁጥር ይጠራሉ። «አሁን ስንተኛው በርጉ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ሰዎች የተለያየ መልስ ይሰጡ ነበር፤ ክርክሩም የተለመደ ነበር። ዝናቡና ጎርፉ ሲመጣ ትክክለኛው ይለያል፤ ተሳስቶ የቆጠረው ቁጥሩን ያስተካክላል። ትርፍ ወር የሚያስገባ ሊቅ ሳይኖራቸው፣ በመከራከርና በመተራረም ብቻ፣ ቆጠራቸው ከፀሐይ ሳይርቅ ይኖራል። የሲዳማም አያንቶዎች ጨረቃንና ከዋክብትን አይተው የፍቼ ጨምበላላን ቀን ከቆረጡ በኋላ በገበያ ይታወጃል፤ በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። ቀኑን የሚያዩት ጥቂቶች ናቸው፤ ቀን የሚሆነው ግን ገበያው ሲሰማው ነው።

አሁን ወደ ጌጫ፣ ወደ መሪጌታው ጣት እንመለስ። የ2018 ዓ.ም. ስሌት እንዲህ ይሠራል። 5500 ላይ 2018 ሲደመር 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። በ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ ዘመነ ማርቆስ ነው። 7518 እና 1879 ተደምረው በ7 ሲገደፉ 3 ይተርፋል፤ ሰኞን ከባዶ ጀምረን ስንቆጥር መስከረም 1 ሐሙስ ይውላል። 7518 በ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ አንዱ ተቀንሶ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፣ በ19 ተባዝቶ ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይሆናል። መጥቅዕ ከ14 ሲበልጥ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 18 እሑድ ነው። ለየዕለቱ የተመደበው ተጨማሪ ቁጥር፣ ተውሳክ፣ ለእሑድ 7 ነው። 18 እና 7 ሲደመሩ 25፤ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ። ከዚያ 14 ቀን ሲቆጠር ዐቢይ ጾም የካቲት 9፣ ከነነዌ 69 ሲቆጠር ትንሣኤ ሚያዝያ 4።

ለ2019 ዓ.ም. በዚሁ መንገድ ሲሰላ አበቅቴው 23፣ መጥቅዑ 7 ይመጣል። ከ14 ስላነሰ በጥቅምት ይውላል፤ ጥቅምት 7 ቅዳሜ ነው፤ ተውሳኩ 8። ነነዌ የካቲት 15፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 29፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 24። ለደጋሽ ወላጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከጥምቀት እስከ ጾም መግቢያ ያለው የሰርግ ወቅት ከ2018 በ20 ቀን ይረዝማልና። ህንዳዊው ወላጅ በፓንቻንግ የሚያገኘውን የሰርግ ወቅት፣ የጌጫው ወላጅ በአበቅቴ ያገኘዋል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ሙሁርታ ለአንድ ጥንድ ሙሽሮች ተመርጦ የሚወጣ ሰዓት ነው፤ አበቅቴ የሚከፍተው በር ግን ለአገሩ ሙሽሮች ሁሉ እኩል ይከፈታል።

ጌጫ ዛሬ የተለያየ እምነት ያላቸው ሰዎች የሚኖሩባት ከተማ ናት። ሁሉም ባሕረ ሐሳብን አይከተልም። ወጣቱም ቀኑን ስልኩ ላይ ያያል። ሆኖም ለሰርግ ሽማግሌዎች ሲቀመጡ የሁለቱ ወገን ሥራ «ቀን መቁረጥ» ይባላል። ጾሙን ያያሉ፣ የቡናውን ለቀማ ያያሉ፣ የጎረቤትን ሐዘን ያያሉ፣ ከቴፒና ከሚዛን የሚመጣውን ዘመድ መንገድ ያያሉ። አንዱ «ያ ቀን ለእኛ አይመችም» ካለ ሌላ ይፈለጋል። በመጨረሻ አንድ ቀን ይቆረጣል፤ ይመረቃል።

ያ ቀን ሲደርስ ጌጫ ላይ ይዘንብ ይሆናል፤ መዝነቡም አይቀርም። ዳሱ በሸራ ይሸፈናል፤ ሰውም በጭቃው ውስጥ ይመጣል። መልካሙ ቀን ሰዎች ተስማምተው የቆረጡት፣ ቆርጠውም ያልቀሩበት ቀን ነው።